የዝልግልግ ሻጋታ መዝገብ፦ የይፋግ የክረምት ማስታወሻ

ሐምሌ 4 ቀን 2014 ዓ.ም.

ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አደረ። ጠዋት ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለው የሩዝ መፈልፈያ ጀርባ፣ ከተቆለለው የሩዝ ቅርፊት ላይ ቢጫ ነገር መውጣቱን እዚያ የሚሠራው ልጅ ነገረኝ። «ቲቸር፣ ማታ ስንዘጋ እኮ አልነበረም» አለኝ። ልክ ነው፤ ዝልግልግ ሻጋታ ለመውጣት አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ሁለት መዳፍ የሚያህል ስፋት ይዞ ተንጣሏል። መሐሉ እንደ አረፋ ያበጠ ነው፤ ዳር ዳሩን ቢጫ ክሮች እየተገናኙና እየተለያዩ መረብ ሠርተዋል።

ከመረቡ ጫፍ ትንሽ ከነቅርፊቱ አንስቼ እርጥብ ሶፍት ላይ አድርጌ ማይክሮስኮፕ ሥር አስገባሁት። ክሩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ወደ ፊት ይሮጣል፤ አንድ ደቂቃ ገደማ ሲሆነው ቀስ ይላል፣ ይቆማል፣ ከዚያ ወደ መጣበት ይመለሳል። ደግሞ ወደ ፊት። ልብ የለውም፣ ጡንቻም ነርቭም የለውም። መረቡ በሙሉ አንድ ሴል ነው፤ ውስጡ ግን ለቁጥር የሚያታክት ኒውክለስ አለ። ባክቴሪያና ሌላ ጥቃቅን ነገር እየዋጠ በበሰበሰ እንጨት፣ በገለባና በእበት ላይ ይኖራል። እንጉዳይም አይደለም፣ እንስሳም አይደለም፤ የአሜባ ዘመድ ነው። በዓለም ላይ እስካሁን ስም የወጣላቸው ዝርያዎች ወደ 1,000 ይጠጋሉ።

ጃፓናዊው ናካጋኪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ኔቸር መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት ይህን ዓይነቱን ፍጥረት መግቢያና መውጫው ላይ ምግብ ባስቀመጡለት ጠመዝማዛ መንገድ ውስጥ ለቀቁት፤ አጭሩን መንገድ መርጦ ሁለቱን አገናኘ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ በቶኪዮ ዙሪያ ባሉ ከተሞች አቀማመጥ ልክ የአጃ ፍሬ ደርድረው ለቀቁት፤ የዘረጋው መረብ ከከተማው የባቡር መስመር ጋር የሚወዳደር ሆኖ ተገኘ። ያ ፍጥረት ዛሬ ይፋግ ላይ የሩዝ ቅርፊት ቁልል ላይ ወጥቷል ስል ደስታዬን ልደብቅ አልችልም። የተገኘው ዝርያ ያው ባይሆንም ዘመዱ ነው።

ሐምሌ 5 ቀን

ቢጫው ጠፍቷል። የነበረበት ቦታ ላይ ነጣ ያለ ቅርፊት ቀርቷል፤ በቢላ ጫፍ ስነካው ተሰብሮ ከውስጡ ጥቁር ሐምራዊ ብናኝ ተነሣ። ያ የሚራባበት ስፖሩ ነው። ፉሊጎ የተባለው ወገን ይመስለኛል፤ እስከ ዝርያው ለመድረስ ግን ስፖሩን በከፍተኛ ማጉያ ማየት ያስፈልጋል።

ናሙናውን ከነቅርፊቱ ወረቀት ላይ በኮላ አጣብቄ ባዶ የክብሪት ቀፎ ውስጥ ከተትኩት። በሌላውም አገር የዚህ ሙያ ሰዎች ሲጠቀሙበት የኖሩት የክብሪት ቀፎ ነው፤ ናሙናው ስስ ስለሆነ እንደ ቅጠል በጋዜጣ መሐል አይጨፈለቅም። ቀፎው ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ ሊቦ ከምከም ወረዳ፣ ይፋግ፣ የሩዝ መፈልፈያ ጀርባ፣ በሩዝ ቅርፊት ቁልል ላይ፣ ሐምሌ 5 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 12 ቀን 2022። ሰብሳቢ፣ እኔ።

ሐምሌ 9 ቀን

አሁን ያለው ጥያቄ ይህ ነገር ኢትዮጵያ ውስጥ ከዚህ በፊት ተመዝግቧል ወይ የሚል ነው። ቅጠል ቢሆን መልሱ ቅርብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ ወደ 6,000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዝርያዎችን ይዟል፤ መጽሐፉን መግለጥ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ኩፎዶንቲስ የተባለ የኦስትሪያ ሰው እ.ኤ.አ. ከ1953 እስከ 1972 በብራስልስ በክፍል በክፍል ባሳተመው ዝርዝር በየቋንቋው፣ በየመጽሔቱና በየሙዚየሙ የተበተነውን የአገራችንን ዕፅዋት መዝገብ ለቅሞ አንድ ቦታ አስቀምጦ ነበር። ፍሎራውን የጻፉት ሰዎች ከባዶ አልተነሡም። የኩፎዶንቲስ ሥራ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ሲነበብም የሚያሰለች ነው፤ ገጽ ሙሉ ስም፣ ቦታ፣ ቁጥርና ዓመት። እኔ ግን እንዲህ ላለው ሥራ ያለኝ አክብሮት ወሰን የለውም።

ለዝልግልግ ሻጋታ እንዲህ ያለ ባለ ብዙ ቅጽ መጽሐፍ የለንም። ለአህጉሩ እ.ኤ.አ. በ2009 ንዲሪቱ፣ ዊንሴት፣ ስፒገልና ስቴፈንሰን የአፍሪካን ዝርዝር ሚኮታክሰን በተባለው መጽሔት አውጥተዋል። ጠቃሚ መነሻ ነው። የአህጉር ዝርዝር ግን እዚህ አገር ውስጥ ማን፣ የት፣ በምን ላይ፣ መቼ አገኘው ለሚለው ሰው መንገዱን ያሳየዋል እንጂ አያደርሰውም። ወደየምንጩ ተመልሶ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ ማገላበጥ ግድ ነው።

ሐምሌ 14 ቀን

ባሕር ዳር ደርሼ ተመለስኩ፤ የፈለግኳቸውን ወረቀቶች በፍላሽ ይዣለሁ።

የድሮ ሰዎች ዝልግልግ ሻጋታን ከእንጉዳይ ጋር ይቆጥሩት ስለነበር የሚፈለገው በፈንገስ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ለእኛ ሰፈር ከእነዚህ አንዱ ካስቴላኒና ቺፈሪ እ.ኤ.አ. በ1937 ፍሎረንስ ላይ ያሳተሙት የ«ጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ» የፈንገስ ዝርዝር ነው፤ በ1950 ተጨማሪ ወጥቶለታል። መጀመሪያ የታተመበት ዓመት ራሱ ብዙ ይናገራል። አዲስ አበባ በጣሊያን ከተያዘች አንድ ዓመት ብቻ ነው ያለፈው። ኤርትራ፣ ሶማሊያና ኢትዮጵያ በአንድ ርእስ ሥር ተጠቅልለው ገብተዋል፤ ስለዚህ የኢትዮጵያን መዝገብ የሚያዘጋጅ ሰው እያንዳንዱን ቦታ ዛሬ በየትኛው አገር እንዳለ እያጣራ መለየት አለበት። ከዚያም በፊት «አቢሲኒያ» ብቻ ተብሎ የቀረ ናሙና በአውሮፓ ሙዚየሞች ሞልቷል። አቢሲኒያ የት? ሐማሴን? ስሜን? በጌምድር?

ሁለተኛው ስቱዋርትና ዳኛቸው ይርጉ እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጡት የኢትዮጵያ የዕፅዋት በሽታዎች ማውጫ ነው። ዳኛቸው ይርጉ በዓመቱ ከብራድበሪ ጋር ሆነው የእንሰትን የባክቴሪያ አጠውላጊ በሽታ ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቁት ሰው ናቸው። ማውጫው ስለ ሰብል በሽታ ነው፤ ያም ሆኖ ፊዛረም የተባለው ግራጫ ዝልግልግ ሻጋታ በሣር ቅጠል ላይ ሲወጣ ሰው በሽታ መስሎት ወደ በሽታ ሐኪሞች ስለሚያመጣው እንዲህ ያሉ መጻሕፍትን ዘሎ ማለፍ አይቻልም። ሣሩን አይበላውም፤ ለመድረቅ ከፍታ ፈልጎ ይወጣበታል እንጂ።

ሐምሌ 21 ቀን

ቀኑን ሙሉ ስለ ቀን ሳስብ ዋልኩ።

አንድ ሰው ናሙናው ላይ 5/11/61 ብሎ ቢጽፍና ሌላ ምንም ባይጨምር፣ በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 5 ቀን 1961 ነው፤ እ.ኤ.አ. ጁላይ 12 ቀን 1969 ይሆናል። በፈረንጅ አቆጣጠር ካነበብነው ደግሞ ኖቬምበር 5 ቀን 1961 ነው፤ በኛ ጥቅምት 26 ቀን 1954። ልዩነቱ የዓመታት ጉዳይ ብቻ ቢሆን እንኳ ከባድ ነው፤ እዚህ ግን አንዱ ድፍን ክረምት፣ ሌላው ዝናብ ያበቃበት ወቅት ሆነ። በዝናብ ለሚወጣ ፍጥረት ይህ ማለት ስለ ኑሮው የምናውቀውን ሁሉ መገልበጥ ነው። እንደ እኛ ሁለት የዘመን አቆጣጠር ይዞ በሚኖር አገር ወሩ በቁጥር ሳይሆን በስሙ ካልተጻፈ፣ ዓመቱም የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልተገለጸ መዝገቡ ግማሽ ነው።

ቦታም እንዲሁ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያለፉት የአውሮፓ መንገደኞች የይፋግን ገበያ «ኢፋግ» ብለው ጽፈውታል። በኮምፒዩተር በዛሬው አጻጻፍ ብቻ የሚፈልግ ሰው የድሮውን አያገኘውም። ስለዚህ ደብተሬ ላይ ለእያንዳንዱ ቦታ ሁለት ዓምድ አደረግሁ፦ አንዱ ምንጩ እንደጻፈው፣ ሳይነካ፤ ሌላው ዛሬ እንደሚጠራው፣ ከነወረዳው። ምንጩን አርሜ አላስገባም። ከኔ በኋላ የሚመጣው ሰው እኔን ማረም መቻል አለበት።

ሐምሌ 28 ቀን

ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ደብር ሄድኩ። ከዛፍ ቅርፊት ትንሽ ለማንሣት የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቀድኩ።

«ለመድኃኒት ነው?» አሉኝ።

«አይደለም አባ፤ ቅርፊቱ ላይ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ነገሮች አሉ፣ እነሱን ላይ ነው።»

ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲህ ልጄ፣ የረገፈውን ልቀም። ከቆመው ላይ ግን በጥፍርህም እንዳትልጥ» አሉ። እንዳሉኝ አደረግሁ። ከጽድ፣ ከወይራ፣ ከዋንዛና ከብሳና ሥር የረገፈ ቅርፊት በየወረቀት ከረጢቱ ለይቼ ያዝኩ።

ደቡብ ጎንደር ውስጥ ደን ብሎ ነገር የቀረው በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ነው። ተመራማሪው አለማየሁ ዋሴ በዚሁ ዞን የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን ዛፍ በዛፍ አጥንቷል። ሥራው ለኔም ይጠቅመኛል፤ ዝልግልግ ሻጋታ ሲመዘገብ «በምን ላይ» የሚለው ጥያቄ ዋና ነውና። የቅርፊት አሲድነት እንደ ዛፉ ስለሚለያይ የጽድ ቅርፊት ከዋንዛ ቅርፊት የተለየ እንግዳ ሊያስተናግድ ይችላል። «በዛፍ ላይ» ብሎ ማለፍ አይበቃም።

ነሐሴ 8 ቀን

ቅርፊቶቹን ክዳን ባላቸው የመስታወት ሳህኖች ውስጥ በሶፍት ላይ ደርድሬ ንጹሕ ውኃ አፍስሼባቸው፣ በማግስቱ የተረፈውን ውኃ ደፍቼ መስኮት አጠገብ አስቀምጬአቸው ነበር። ዘዴው ጊልበርትና ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1933 ያስተዋወቁት ነው። በደረቅ ቅርፊት ውስጥ ተኝቶ የነበረው ስፖር እርጥበት ሲያገኝ ይነቃል፤ በሜዳ ላይ ዓመት ቢፈለግ የማይገኘው ሳህን ውስጥ ይወጣል።

ዛሬ የወይራው ሳህን ላይ የመርፌ ጫፍ የማያህሉ፣ ቀጭን እግር ያላቸው ቡናማ ራሶች ቆመው አገኘሁ። በዓይን ብቻ አቧራ ናቸው። በማጉያ ግን እያንዳንዱ ራስ በክር መረብ የተሸመነ ነው፤ ስፖሩ ከመረቡ ቀዳዳ በነፋስ እየተበተነ ይወጣል። ጽዱ እስካሁን ምንም አላወጣም። ብሳናው ላይ ነጭ የፈንገስ ክር ብቻ አለ። ሁሉንም ጻፍኩ፤ ባዶ የሆነውንም።

ነሐሴ 15 ቀን

ዛሬ ስለ ሚናካታ ኩማጉሱ ልጻፍ። በዚህ ሥራ ከተጠመድኩ ወዲህ ከራሴ የማይወጣ ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1867 ጃፓን ተወለደ። ለንደን ውስጥ ከ1892 እስከ 1900 ኖሮ በብሪቲሽ ሙዚየም ሲያነብና ሲጽፍ ቆየ። ከዚያ ወደ አገሩ ተመልሶ ታናቤ በምትባል ትንሽ የባሕር ዳርቻ ከተማ ተቀመጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1941 እስኪሞት ድረስ ኑሮው እዚያው ነበር። ዩኒቨርሲቲ አልቀጠረውም። ከቤቱ ሆኖ የጃፓንን ዝልግልግ ሻጋታ እየለቀመ፣ የተጠራጠረውን ወደ ለንደን ለአርተር ሊስተርና ለልጁ ለጉልየልማ ሊስተር እየላከ ያጣራ ነበር። አባትና ልጅ በዘመኑ የዓለም ዝልግልግ ሻጋታ ዋና መጽሐፍ ባለቤቶች ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1894 አባትየው ያሳተመውን ልጅቱ በ1911ና በ1925 አሻሽላ አወጣችው። ሚናካታ በገዛ ግቢው ካለ የፍራፍሬ ዛፍ ላይ ያገኘው አንድ ነገር አዲስ ወገን ሆኖ ተገኘና ጉልየልማ ሊስተር እ.ኤ.አ. በ1921 «ሚናካቴላ» ብላ በስሙ ሰየመችው። ከግቢው! የትም ሩቅ አልሄደም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ እንኳ ይበቃ ነበር። ግን የጃፓን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1906 ትንንሽ የመንደር ቤተ መቅደሶች ወደ ትልልቆቹ እንዲጠቃለሉ አዘዘ። ቤተ መቅደሱ ሲዘጋ ዙሪያው ያለው ጥንታዊ ደን ይቆረጥና ይሸጣል። ሚናካታ ይህን ተቃወመ፤ ጻፈ፣ ተከራከረ፣ እ.ኤ.አ. በ1910 ታሰረም። የሚከራከርበት ምክንያት ዝልግልግ ሻጋታውን ጭምር የያዘ ነበር፦ ደኑ ከጠፋ ገና ስም ያልወጣለት ሁሉ አብሮ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1929 ራሱም የዝልግልግ ሻጋታ አጥኚ የነበረው ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ወደዚያ ባሕር ዳርቻ ሲመጣ ሚናካታ ትምህርት ሰጠው፤ 110 ናሙናዎችንም በካራሜላ ሳጥን አድርጎ አበረከተለት።

አባ «ከቆመው ላይ እንዳትልጥ» ያሉኝን ከዚህ ጋር አያይዤ ሳስበው ቆየሁ። ጃፓን ውስጥ ሚናካታ የተከራከረለት የመንደር መቅደስ ደን ባይኖር የዛሬው የጃፓን ዝርዝር ስንት መስመር ይጎድለው ነበር? እኛ ዘንድ ደኑን የጠበቁት ሰዎች አሉ። ዝርዝሩን የሚሞላ ሰው ነው የጎደለው።

ነሐሴ 24 ቀን

የርብ ወንዝ ሞልቷል። የፎገራ ሜዳ ሩዝና ውኃ ሆኗል፤ ወደ ጣና ጫፍ መውረድ አልተቻለም። ሽማግሌዎች የ1998ቱን ክረምት ጎርፍ እያነሡ ሰማዩን ያያሉ። ዛሬ ስለ ሻጋታ የሚወራበት ቀን አይደለም።

ጳጉሜን 2 ቀን

ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ተከራከርን። እሱ የሚለው «በሞባይል ፎቶ አንስተህ ዓለም አቀፍ የመረጃ ቋት ላይ ብትለጥፈው አይበቃም ወይ?» ነው። ፎቶ አልጠላም፤ ቢጫው ሳይደርቅ የነበረውን መልክ የያዘልኝ ፎቶ ነው። ግን ብዙዎቹ ዝርያዎች የሚለዩት በስፖሩ ላይ ባለው እሾህ ወይም ኪንታሮት መሰል ጌጥ ነው፤ ያ ደግሞ ሺህ ጊዜ ካልጎላ አይታይም። ናሙናው ከሌለ የዛሬ ሃምሳ ዓመት የሚመጣው ሰው የኔን ቃል ከማመን ሌላ ምርጫ አይኖረውም። ሳይንስ ደግሞ በቃል ማመን አይደለም።

«ናሙናውም ይጠፋል እኮ» አለኝ። ይህስ እውነት ነው። የሺምፐር ስብስብ ለዚህ ማስረጃ ነው። ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 ኢትዮጵያ ገብቶ በ1878 አድዋ ላይ እስኪሞት ድረስ ያገራችንን ዕፅዋት ሲለቅም የኖረ ጀርመናዊ ነው። በርሊን ሄርባሪየም የነበረው ናሙናው እ.ኤ.አ. በማርች 1943 ከተማው በቦምብ ሲደበደብ ከሌላው ጋር ነደደ። ሥራው ያልጠፋው ከአንድ ናሙና ብዙ ቅጂ አድርጎ ወደተለያዩ ከተሞች ስለላከው ነው፤ ፓሪስም ለንደንም ሌላም ቦታ ይገኛል። ስለዚህ ለባልደረባዬ የመለስኩለት ናሙና አይያዝ የሚል ሳይሆን ሁለት ይያዝ የሚል ነው። ከእያንዳንዱ ሁለት ቀፎ፤ አንዱ እዚህ ትምህርት ቤት፣ አንዱ አዲስ አበባ። ተስማማን። የሱ ፎቶም ቁጥሩ ከቀፎው ቁጥር ጋር አንድ ሆኖ ይያዛል።

መስከረም 6 ቀን 2015 ዓ.ም.

እስካሁን ከመጻሕፍት የለቀምኩትን በካርታ ላይ ነጥብ በነጥብ አስቀመጥኩት። ዕፅዋትንም ፈንገስንም አንድ ላይ አድርጌ ነው፤ የድሮ ሰብሳቢዎችን መንገድ ለማየት። ነጥቦቹ ከምጽዋ ተነሥተው አድዋ ይደርሳሉ፣ ስሜን ይወጣሉ፣ ጎንደር ይሰበሰባሉ። ሌላው ጎራ አዲስ አበባ ዙሪያና ሐረር ነው። ይህ ካርታ ሰዎች በቅሎ ጭነው የተጓዙበትን፣ በኋላም መኪና የነዱበትን ያሳያል። ፎገራ ሜዳ ላይ ያለው ባዶ ቦታ እዚህ ምንም እንደሌለ አይናገርም፤ ማንም ጎንበስ ብሎ እንዳላየ ነው የሚናገረው። የአገር ዝርዝር ሲታተም ይህ ካርታ አብሮት ካልታተመ አንባቢው ይሳሳታል፤ ባዶውን ቦታ ድሀ አድርጎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ የኔ ዝርዝር መጀመሪያ ገጽ ላይ የሚገባው ካርታው ነው፤ ስሞቹ ይከተላሉ።

መስከረም 20 ቀን

ትምህርት ተጀምሯል። ዛሬ ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎች የወይራውን ሳህን አሳየኋቸው። አንዷ ማይክሮስኮፑን ለሚቀጥለው ልጅ አልለቅም ብላ ሰልፉ ተጨናነቀ። «ቲቸር፣ በበጋ የት ይሄዳል?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሲደርቅ መረቡ ተኮማትሮ ጠንካራ ደረቅ ፍርፋሪ ይሆንና ይተኛል፤ ውኃ ሲያገኝ እንደገና ይፈስሳል። የተረፈው ደግሞ በስፖር ይቆያል። ስለዚህ በጥር የተለቀመ ደረቅ ቅርፊትም ሳህን ውስጥ ፍሬ ይሰጣል፤ ሥራችን ከዝናቡ ጋር አይቆምም።

ባዶ የክብሪት ቀፎ ያለው እንዲያመጣ ነገርኳቸው። በቡድን ተከፋፍለዋል፦ ከደሪጣ በኩል የሚመጡት የግቢ አጥርና የበሰበሰ ግንድ፣ ከሜዳው የሚመጡት የከብት እበትና የሩዝ ገለባ፣ የከተማዎቹ የደብሩን የረገፈ ቅርፊት ይይዛሉ። ደብሩን አስቀድሜ አስፈቅጃለሁ። እያንዳንዱ ቀፎ ላይ ቦታው ከነቀበሌው፣ በምን ላይ እንደተገኘ፣ ወሩ በስሙ፣ ዓመቱ በሁለቱም አቆጣጠር፣ የሰብሳቢው ሙሉ ስም ይጻፋል። የልጆቹ ስም በዝርዝሩ ላይ ይወጣል፤ ይህን ቃል ገብቼላቸዋለሁ።

ሩዙ ታጭዶ ገለባው ሲከመር ሦስት ክምር መርጠን በየወሩ እናያለን። ያገኘንበትን ወር እንጽፋለን፤ ያላገኘንበትንም።